ሕፃኑ አይቅር፣ ዕቅዱ ይቀየር

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ6 ዓመት ሴት ልጅና የ3 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ባለቤቴ ከወንድሙና ከእህቱ ቤተሰብ ጋር ተመካክሮ ለ5 ቀን ወደ አንድ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ እንድንሄድ ቲኬት ቆርጧል። የምንሄደው በአውሮፕላን ነው፤ ወቅቱም ሙቀት የሚበዛበት ነው። ያን ጊዜ ትንሹ 4 ወር ተኩል ይሆነዋል። ከጡት ሌላ ምንም አይወስድም። ባለቤቴ ‹እሱ እንደሆነ ይተኛል፣ አያስቸግርም› ይላል። እህቴ ደግሞ ‹ምን ሊያይ ነው? ለእማዬ ትተሽው ሂጂ› ትለኛለች። የባለቤቴ ቤተሰቦች ፓርኩ ከሚከፈትበት ሰዓት እስከ ማታው ርችት ድረስ እዚያው ሊውሉ አስበዋል። ትልቋ ልጄ ቀኑን እየቆጠረች ነው። ብቀር እሷን የበደልኩ፣ ብሄድ ትንሹን የጎዳሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ

እህቴ፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገውምና መልሱን ላስቀድም። ሂጂ፤ ትንሹንም ይዘሽው ሂጂ። በወራቱ የተወለደ፣ ጤነኛ የሆነና ክብደቱ በደንብ እየጨመረ ያለ የ4 ወር ተኩል ልጅ አውሮፕላን ቢሳፈርና ከቤት ርቆ 5 ቀን ቢሰነብት ይህ በራሱ አይጎዳውም። ያለ ጊዜው ተወልዶ ከሆነ ወይም የልብ ወይም የሳንባ ችግር ካለበት ግን ከእኔም ከቤተሰብም በፊት ሐኪሙ ይናገር። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ ከመክፈቻ እስከ ርችት የተባለው ዕቅድ ነው። እሱ ካልተቀየረ ሕፃኑም አንቺም ትጎዳላችሁ።

እህትሽ «ምን ሊያይ ነው?» ማለቷ ልክ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያየውን አድጎ የሚያስታውስ ልጅ የለም። እሱ ግን የሚሄደው ለማየት ብሎ ሳይሆን አንቺ ባለሽበት እንዲሆን ነው። ጡት ብቻ የሚጠባን ልጅ 5 ቀን ትቶ መሄድ እህትሽ እንዳሰበችው ቀላል አይደለም። ጡጦ ካልለመደ እምቢ ሊል ይችላል። ለ5 ቀን የሚበቃውን ወተት አልቦ ማጠራቀም ሳምንታት ይወስዳል። አንቺም እዚያ ሆነሽ በየ3 ሰዓቱ ግድም ካላለብሽ ጡትሽ ተወጥሮ ያምሻል፣ ወተቱም ይቀንሳል። እናታችሁ የቱንም ያህል የሚታመኑ ቢሆኑ ይህን ሸክም ሊያወርዱልሽ አይችሉም።

ባለቤትሽ «ይተኛል» ሲል ደግሞ አሁን ያለውን ልጅ እያየ ነው። የሳምንታት ዕድሜ ያለው ጨቅላ የትም ቢያስተኙት ይተኛል፣ ጫጫታም ብዙ አይረብሸውም። 4 ወር ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከእንቅልፉ በትንሽ ነገር ይነቃል፣ ዓይኑ ሁሉን ይከተላል፣ ጡት እየጠባ ሳለ እንኳ ድምፅ ሲሰማ ጡቱን ለቆ ይዞራል። ነቅቶ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ደክሞት ያለቅሳል፣ ደክሞት ሳለ ደግሞ መተኛት ያቅተዋል። ዛሬ የምታውቁት ልጅና ይዛችሁት የምትሄዱት ልጅ አንድ አይደሉም። ይህን ለባለቤትሽ አሁኑኑ ንገሪው፤ እዚያ ደርሳችሁ ስታዩት ዘግይቷል።

እኔም በዚህ አልፌአለሁ። ሁለተኛ ልጄ 4 ወሩ ሳለ ከዘመድ ጋር ተሰባስበን እንዲህ ዓይነት ፓርክ ሄድን። ማን መቼ ሕፃኑን እንደሚይዝ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። አጥቢዋ እኔ ስለሆንኩ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ተነስቼ የምወጣው እኔ ሆንኩ። ክፉ ያደረገኝ ማንም የለም፤ ሁሉም «ትንሽ ጠብቂን፣ መጣን» እያሉ ነበር የሚሄዱት። ሦስተኛው ቀን ማታ ትልቁ ልጄ ያየውን ሁሉ ሲያወራ ቆይቶ «እማ፣ አንቺ ግን የት ነበርሽ?» አለኝ። ሦስቱንም ቀን ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ዛሬም ድረስ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምነግርሽ ሁሉ ይህን አስቀድሚ፦ ልጁ ሲበቃው ይዞት የሚወጣው ማን እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ጠዋት አንቺ ከሆንሽ ከሰዓት እሱ ይሁን፤ ወይም አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እሱ። ጡት የምታጠቢው አንቺ መሆንሽ ዳይፐር የምትቀይሪው፣ የምታስተኚውና ጋሪ የምትገፊውም አንቺ ነሽ ማለት አይደለም።

ቀኑን እንዲህ ብታስቡት ይበጃል። ፓርኮቹ ብዙውን ጊዜ የሚከፈቱት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። በሩ ሲከፈት ግቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ወረፋው አጭር፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡና ወደ ሆቴላችሁ ተመለሱ። ሕፃኑ በጨለማና በቀዝቃዛ ክፍል ይተኛ፤ አንቺም ጋደም በይ። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ልባችሁ ከፈቀደ ሁለት ሰዓት ያህል ተመለሱ፤ ካልፈቀደም ቅሩ። ከ5ቱ ቀን መካከለኛውን ከፓርክ ነፃ አድርጉት። ሆቴሉ ለፓርኩ ቅርብ መሆኑ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ ደርሶ መልሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ የቀኑ እረፍት ይቀራል። ቦታዎቹ እንዲህ በቀላሉ የሚዳረሱም አይደሉም፤ ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ብቻ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። የባለቤትሽ ወንድምና እህት ከነልጆቻቸው እስከ ርችቱ ቢቆዩ ደስ ይበላቸው። ሁላችሁም አንድ ላይ መሆን ያለባችሁ በአንድ ምግብና በሁለት ሦስት መጫወቻዎች ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀድማችሁ ምረጡ።

ለትልቋ ልጅሽ የሚጠቅም አንድ አሠራር አለ። በዲዝኒ ፓርኮችም በዩኒቨርሳልም፣ በሌሎች ብዙ ፓርኮችም ሕፃን የያዙ ወላጆች በፈረቃ መጫወት ይችላሉ። አንዱ ወላጅ ከልጅቷ ጋር ሲገባ ሌላው ከሕፃኑ ጋር ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ ተረኛው ረጅሙን ወረፋ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። ብዙ ጊዜ ልጅቷ ከሁለተኛው ወላጅ ጋር ደግማ እንድትገባ ይፈቀድላታል። መግቢያው ላይ የቆመውን ሠራተኛ ጠይቁት፤ ሳትጠይቁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊትም ቁመቷን ለኩ። በ6 ዓመት የሴት ልጅ አማካይ ቁመት 115 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጣኖቹ መጫወቻዎች ደግሞ እንደየዓይነታቸው 102፣ 112 ወይም 122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። የማይደርሳትን አስቀድማ ካወቀች በር ላይ አታለቅስም። ቀስ እያሉ የሚሄዱት ጀልባዎችና ባቡሮች አብዛኞቹ የቁመት ገደብ የላቸውም፤ ትንሹን ታቅፈሽ ከእሷ ጋር መግባት ትችያለሽ። እነዚያን ለራስሽ አስቀሪያቸው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ቸልታ አልወድም። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ሰውነቱ ቶሎ ይግላል። ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ ቀጥታ ፀሐይ ሊመታው አይገባም፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዋና መከላከያው አይደለም። ጥላ፣ ስስ እጅጌ ሙሉ ልብስና ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይቅደሙ፤ ጥላ ፈጽሞ በሌለበት ፊቱና የእጁ ጀርባ ላይ ጥቂት ቅባት ይበቃል። ፀሐይ የምትበረታው ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ መሐል ቀን ላይ ውጡ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ግን ጋሪው ላይ ነው። ፀሐይ እንዳያገኘው ብለው ጋሪውን በብርድ ልብስ ወይም በነጠላ ጨርቅ ይሸፍኑታል። አየሩ እዚያው ታፍኖ ውስጡ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል፣ ልጁም አይታይም። ከጋሪው ጋር የተሠራውን ጥላ ተጠቀሙ፣ አየር ይግባ። ጋሪ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ማራገቢያ ጥሩ ነው፤ ጣቱ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ሲሞቀው ውኃ ልስጠው ወይ እንዳትዪ። 6 ወር እስኪሞላው በሙቀትም ቢሆን የእናት ጡት ይበቃዋል፤ ውኃ ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስተወዋል፣ ሲበዛም በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው ያሳንሰዋል። ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ ውኃውን የምትጠጪው አንቺ ነሽ። በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ዳይፐሩን ማርጠብ አለበት። ለ6 ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ እምባ የሌለው ለቅሶ ካለቀሰ፣ ከተልፈሰፈሰ ወይም ጡት እምቢ ካለ ቀዝቃዛ ክፍል አስገቡትና የፓርኩን የመጀመሪያ እርዳታ ጣቢያ ጥሩ። ትላልቆቹ ፓርኮች ሁሉ ጣቢያው አላቸው፤ የት እንደሆነ ገና ስትገቡ በካርታ ላይ እዩት። ሙቀት መለኪያም ያዙ፤ 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ካለው የዚያን ቀን ፓርክ ይቅርና ሐኪም ይየው።

ለማጥባት አትሳቀቂ። በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ባሉት 4 ፓርኮች በእያንዳንዳቸው የሕፃናት መንከባከቢያ ማዕከል አለ፤ ማጥቢያ ክፍል፣ ዳይፐር መቀየሪያ፣ ምግብ ማሞቂያና የእጅ መታጠቢያ ያሉት፣ ዳይፐርና መሰል ነገርም የሚሸጥበት። ሌሎች ትልልቅ ፓርኮችም ተመሳሳይ ክፍል አላቸው። 4 ወር ላይ ያለ ልጅ ጫጫታ ካለ ጡት ይዞ ስለማይረጋ እነዚህ ጸጥ ያሉ ክፍሎች ከምንም በላይ ይጠቅሙሻል። ባለቤትሽ ተራው ሲደርስ እንዲመግበው ከፈለግሽ ከዛሬ ጀምረሽ ጡጦ አለማምጂው። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ከበረዶ ጥቅል ጋር በማቀዝቀዣ ቦርሳ 24 ሰዓት ይቆያል። ሙቀት ላይ በቦርሳው ይሁን።

ጋሪ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በፓርክ የሚከራዩት ብዙዎቹ ከደረቅ ፕላስቲክ የተሠሩና የማይዘረጉ ናቸው፤ ራሱን በደንብ ላልቻለ ልጅ አይሆኑም። የእናንተ ወደ ኋላ ዘርጋ የሚል ይሁን። መጠኑንም አስቀድማችሁ እዩ፤ በዲዝኒ የአሜሪካ ፓርኮች እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ከ79 ሴንቲ ሜትር የሰፋና ከ132 ሴንቲ ሜትር የረዘመ ጋሪ አይገባም። ማዘያም ያዙ፤ ወረፋ ውስጥና ሰው በሚበዛበት ቦታ ጋሪ አይመችም፣ ሕፃኑም ደረታችሁ ላይ ይረጋጋል። ሲታዘል ፊቱ ይታይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ፤ ጎንበስ ብላችሁ ግንባሩን መሳም መቻል አለባችሁ። በማዘያ ውስጥ የሁለታችሁም ሙቀት ስለሚደመር በሙቀት ሰዓት አታቆዩት።

ርችቱን በተመለከተ እኔ «ይቅርባችሁ» ነው የምለው። የሕፃን የጆሮ ቦይ ጠባብ ስለሆነ ያው ድምፅ ለእሱ የበለጠ ይበረታል፤ ሰዓቱም የሚተኛበት ነው። ትልቋ አባቷ ጋር ሆና ትየው። እንዲያውም ከሩቅ፣ ከሆቴል መስኮት የሚታይ ከሆነ ለአንቺም ይበቃል። የግድ ከሆነ ጆሮን ከላይ የሚሸፍን የሕፃናት መከላከያ አድርጉለት፤ ውስጥ የሚገባው ወልቆ አፉ ሊገባና ሊያንቀው ይችላል። የካርቱን ገጸ ባሕርያት ለብሰው የሚዞሩት ሠራተኞች አጠገብ ፎቶ ስትነሱም ልጁ ፊቱን ካዞረ አታስገድዱት።

ስለ በሽታ ማንም አንሥቶልሽ ከሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሳላነሣው አላልፍም። በታኅሣሥ 2014 እንደ ፈረንጆቹ በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ጎብኚዎች መካከል የተጀመረ የኩፍኝ ወረርሽኝ ከ100 በላይ ሰዎችን ይዟል፤ ከታመሙት ውስጥ ለክትባቱ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናት ነበሩ። ኩፍኝ በአየር ይተላለፋል፤ ታማሚው ከወጣ በኋላም ቫይረሱ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ከየአገሩ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሆነ ይህ ዛሬም ያለ ስጋት ነው። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው እንደየአገሩ በ9 ወይም በ12 ወር ነው፤ ወደ ውጭ ለሚጓዙ አንዳንድ አገሮች ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣሉ። የአንቺ ልጅ ለዚህም ገና ነው። ስለዚህ የሚጠብቀው በዙሪያው ያላችሁት መከተባችሁ ነው። የትልቋ ክትባት የተሟላ መሆኑን ካርዷን አውጥተሽ እዪ፤ የባለቤትሽ ወንድምና እህት ልጆችም እንደዚሁ። ለመጠየቅ አትፈሪ። ትንሹም በዕድሜው የሚገባውን የደረቅ ትክትክና የሌሎቹን ክትባቶች ከጉዞው በፊት ይውሰድ። በምትነሱበት አካባቢ ወይም በምትሄዱበት ከተማ ኩፍኝ ገብቷል ከተባለ ጉዞውን ልጁ ክትባቱን እስኪወስድ ማስተላለፍ የኔም ምክር ይሆናል፤ የቲኬቱ ገንዘብ ቢቆረጥ እንኳ።

አውሮፕላኑ ከሁሉ የቀለለው ነው። ሲነሳና ከማረፉ ግማሽ ሰዓት በፊት መውረድ ሲጀምር አጥቢው፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይገባም የሚለው ደንብ ብዙ ቦታ የሕፃን ወተትን አይመለከትም፤ ፍተሻ ላይ ለብቻው አውጥተሽ አሳዪ። ረጅም በረራ ከሆነ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለውን የሕፃን አልጋ ለአየር መንገዱ አሁኑኑ ደውለሽ አስይዢ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው። ወደ ሌላ አገር ከሆነ ሕፃኑም የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል በታክሲ ከሆነ የሕፃን የመኪና መቀመጫ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይታሰር፤ ታቅፎ መጓዝ በሁለት ኪሎ ሜትርም አደጋ ነው። በሆቴሉም የሕፃን አልጋ ጠይቁና ፍራሹ ጠንካራና ጠፍጣፋ መሆኑን በእጅሽ ዳስሺ፤ በጀርባው፣ ያለ ትራስ ይተኛ። ሁላችሁም ስለሚደክማችሁ ሶፋ ላይ አቅፎት እንቅልፍ የሚወስደው ሰው እንዳይኖር።

አንቺም ከወለድሽ ገና 4 ወር ተኩል ነው የሚሆንሽ። በእነዚህ ፓርኮች በቀን 10 ኪሎ ሜትር መራመድ ብርቅ አይደለም። በቀዶ ጥገና ወልደሽ ከሆነ ወይም ወገብሽ አካባቢ የሚሰማሽ ነገር ካለ ፈጣኖቹን መጫወቻዎች ከመሞከርሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ጋሪውንም ባለቤትሽ ይግፋ።

ትልቋን በድዬአለሁ ብለሽ የፈራሽው ግን ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ አለው። ከ5ቱ ቀን አንዱን ጠዋት ለእሷ ብቻ ስጫት። ልክ አጥብተሽው ስትጨርሺ ሕፃኑን ለአባቱ ስጪውና እጇን ይዘሽ ውጪ። ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ የምትገቡበትን እሷ ትምረጥ፣ ስልክሽንም ከባለቤትሽ ለሚመጣ ጥሪ ብቻ ክፈቺው። ዛሬ ማታ ቀኑን ስትቆጥር «ያቺ ጠዋት የእኔና የአንቺ ናት» በያትና የትኛዋ ቀን እንደሆነች አብራችሁ ምልክት አድርጉባት።